ወሎ ውስጥ ቤንዚን ስንት ነው?

ደሴ ላይ «ቤንዚን ስንት ገባ?» ብለው ቢጠይቁ መላሹ መጀመሪያ «የማደያውን ነው የውጭውን?» ይልዎታል። የማደያው ዋጋ በመንግሥት ይወጣል፣ በቴሌቪዥን ይነገራል፣ ባለመኪናም ባለእግርም ያውቀዋል። የውጭውን፣ ማለትም ከማደያ ውጭ በየመንገዱ የሚሸጠውን ዋጋ ግን ማንም አያውጀውም። እንደ ሰሞኑ ወረፋ፣ እንደ መንገዱ ሰላም፣ «ቦቴ ገብቷል፣ አልገባም» እንደሚባለው ወሬ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለ ነዳጅ ዋጋ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። እኔም የምጀምረው ከእሱ ነው፤ እሱ ሳይገባን ሁለተኛው አይገባንም። የወሎን ሰው ኪስ የሚነካው ግን በአብዛኛው ሁለተኛው ነው።

ሰባ ብሩ ከየት መጣ?

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ አዲስ አበባ ላይ 31 ብር ከ74 ሳንቲም ሆነ። ያን ወር የወሎ ሰው አይረሳውም። ደሴና ኮምቦልቻ ከአንድ ወር በላይ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆይተው በኅዳር መጨረሻ መመለሳቸው ነበር። የጭማሪው ዜና የደረሰው ከስደት ተመልሶ ከሱቁ ምን እንደተረፈ ለሚቆጥር ሰው ነው። ያኔ ስለ ቤንዚን ዋጋ ለመከራከር ፋታ ያለው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደረጃ አብዛኛው ሾፌር በቃሉ ይወጣዋል። ጥቂት ወራት ቆይቶ 36 ብር ከ87፣ በሰኔ መጨረሻ 47 ብር ከ83፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. 57 ብር ከ5 ሳንቲም። በ2016 መግቢያ 77 ብር ከ65፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ 82 ብር ከ60። በ2017 መግቢያ 91 ብር ከ14 ደረሰ፤ ከታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆኖ መቶን ተሻገረ። ከዚያም አልቆመም፤ 112ን፣ ቀጥሎም 120ን አልፏል።

ከ31 ብር ከ74 እስከ 101 ብር ከ47 ያለው ልዩነት ሰባ ብር ገደማ ነው። ሦስት ዓመት፣ ከሦስት እጥፍ በላይ። ታዲያ ይህ ሰባ ብር ከየት መጣ? መናኸሪያ ውስጥ ብትጠይቁ «የዓለም ገበያ ጨምሮ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በታኅሣሥ 2014 አንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ 75 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017ም 75 ዶላር አካባቢ ነበር። መሐል ላይ፣ በሩሲያና በዩክሬን ጦርነት ምክንያት፣ ከ120 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፤ ግን ተመልሶ ወርዷል። ሁለቱን ጫፎች ብቻ ካየን ለዚህ ጭማሪ የዓለም ገበያን መክሰስ አይቻልም።

የተለወጠው ብሩ ነው። በ2014 ታኅሣሥ አንድ ዶላር በባንክ 49 ብር ያህል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ በ2017 አጋማሽ 125 ብር አካባቢ ደረሰ። እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። 31 ብር ከ74 በ49 ሲካፈል ሊትሩ 65 የዶላር ሳንቲም ይመጣል። በዶላር ዋጋው ምንም ሳይጨምር በዚያው 65 ሳንቲም ቢቆይ እንኳ፣ ዶላሩ 125 ብር ሲገባ ሊትሩ 81 ብር ይሆናል። ከሰባው ብር ወደ ሃምሳ የሚጠጋው የብሩ መርከስ ነው ማለት ነው። የቀረው ሃያ ብር ገደማ በአብዛኛው መንግሥት ለነዳጅ ይከፍል የነበረው ድጎማ መነሣት ነው፤ ሊትሩ ከ65 ወደ 81 የዶላር ሳንቲም ከፍ ያለው በእሱ ነው።

ይህ ክፍፍል በየጊዜው ስለሚነሣው ቅሬታም መልስ አለው። «በዓለም ሲጨምር ይጨምርብናል፣ ሲቀንስ ግን ለምን አይቀንስልንም?» ይባላል። ቅሬታው እውነት አለው። ነገር ግን ድፍድፉ በዶላር አሥር በመቶ ሲረክስ ብሩ በዚያው ጊዜ ሃያ በመቶ ከረከሰ ማደያ ላይ የሚታየው ጭማሪ ነው። በዚያ ላይ መንግሥት ድጎማውን እየቀነሰ ስለነበር፣ ከዓለም ገበያ የመጣው ቅናሽ ወደ ሸማቹ ሳይደርስ የድጎማውን ጉድጓድ ሞላ።

ዝም ያሉት ዓመታት

ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ ሰው «ርካሽ ዘመን» እያለ ያስታውሰዋል። በ2004 ዓ.ም. ቤንዚን 20 ብር አካባቢ ነበር፤ በ2012ም ከዚያ ብዙ አልራቀም። መሐል ላይ ወደ 16 ብር ወርዶ ያውቃል። ስምንት ዓመት ሙሉ ዋጋው እዚያው ሲዋልል መኖሩ አሁን ሲያስቡት ተረት ይመስላል።

ያ መረጋጋት ግን የተገኘው በጥሩ አስተዳደር ብቻ አልነበረም። በ2004 በርሜሉ ከ110 ዶላር ከፍ ይል ነበር፤ ዶላሩ ደግሞ 17 ብር ከምናምን ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ድፍድፉ ወረደ፤ በ2008 ከ30 ዶላር በታች የወረደበት ቀን ነበር። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ዓለም መኪናውን አቁሞ ድፍድፍ የሚያስቀምጥበት እስኪያጣ ደረሰ። በዚያው ጊዜ ብሩ እየተዳከመ ሄዶ ዶላር 30 ብርን አለፈ። ድፍድፉ ረከሰ፣ ብሩም ረከሰ፤ አንዱ የሌላውን ጉድ ሸፈነ። ሊትሩን በዶላር ካሰላነው እንዲያውም በ2004 የምንከፍለው ከ2017ቱ ይበልጥ ነበር፤ 20 ብር ማለት ያኔ ከአንድ ዶላር በላይ ነው። ይህን ደሴ ውስጥ ለአንድ የባጃጅ ሾፌር ብትነግሩት ይስቅባችኋል፤ ትክክልም ነው፤ ገቢው በዶላር አይደለምና።

ከዚያም ወደ ኋላ በ2001 ዓ.ም. መግቢያ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን አንሥቶ ዋጋ ጨምሮ ነበር። የሚገርመው ጊዜው ነው። በ2000 ሐምሌ በርሜሉ 147 ዶላር ደርሶ ከፍተኛውን ክብረ ወሰን ካስመዘገበ በኋላ ወደ ታች እየተንከባለለ ሳለ ነበር ጭማሪው የመጣው። ዓለም ሲወርድ እኛ ስንወጣ የመጀመሪያችን አይደለም።

ለዚህ ሁሉ መካሻ ይሆናል የተባለው በ1993 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዓለም ሲረክስ ጥቂት ተጨማሪ ሰብስቦ ማስቀመጥ፣ ሲወደድ ከተቀመጠው ማውጣት። በተግባር ግን ሲወደድ ማውጣቱ ቀላል፣ ሲረክስ መሰብሰቡ ከባድ ሆነ። የፈንዱ ዕዳ ከመቶ ቢሊዮን ብር አለፈ። በሰኔ መጨረሻ 2014 የተጀመረው «የታለመ ድጎማ» ሥርዓት የመጣው ይህን ዕዳ መሸከም ሲያቅት ነው። በሥርዓቱ የግል መኪናዎች ድጎማ በቶሎ፣ የሕዝብ ማመላለሻዎቹ ደግሞ ቀስ በቀስ እንዲነሣ ተወሰነ። ድሮ በየወሩ ይከለስ የነበረው ዋጋም በየሦስት ወሩ ሆነ።

የካቲት 1966

መንግሥታት የነዳጅ ዋጋ ለመጨመር ለምን እንደሚፈሩ የሚያውቅ የወሎን ታሪክም ያውቃል። በ1966 ዓ.ም. የዓረብ አገሮች ማዕቀብ በርሜሉን ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ በወራት ውስጥ አደረሰው። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በግማሽ ያህል ጨመረ፤ ታክሲ ነጂዎችም የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። መምህራንም በዚያው ሰሞን አድመው ነበር። መንግሥት ደንግጦ ከጭማሪው ከፊሉን ቀነሰ፤ ግን ከተማው አንዴ ተነሥቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ ወሎን የፈጀው ረኀብ ተደብቆ ከርሞ ወጥቶ ነበርና፣ የከተማው የቤንዚን ቁጣና የገጠሩ ሞት በአንድ ዓመት ተገናኙ። ዘውዱን የጣለው ታክሲ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ እንደዚያ አላየውም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ የቤንዚን ጭማሪን የሚያውጀው እየፈራ ለመሆኑ የካቲት ስልሳ ስድስት በቂ ምክንያት ነው።

ደርግ መፍትሔ ያለው ዋጋውን ጨብጦ መጠኑን መቁረጥ ነበር። ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ላይ ተቸንክሮ እስከ 1985 ዓ.ም. ቆየ፤ ቤንዚኑም በኩፖን ታደለ። በዚያ ዘመን መኪና የነበረው ሰው የሚያስታውሰው የሊትሩን ዋጋ ሳይሆን ኩፖን ማግኘቱን ነው። ወደ ዛሬዋ ደሴ ስንመለስ ይህን ልብ ማለት ይጠቅመናል። ዋጋ በወረቀት ላይ ሲያዝ፣ መጠኑ ራሱ ሌላ ዋጋ ይዞ ይመጣል።

ለወደብ የቀረበ፣ ከነዳጅ የራቀ

አሁን ወደ ወሎ እንግባ። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ነዳጅ በሙሉ ተጣርቶ ከውጭ ይገባል፤ የሚገዛውም የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። ድሮ አሰብ ላይ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራ ማጣሪያ ነበረን፤ በ1989 ዓ.ም. ሥራ አቆመ። በቀጣዩ ዓመት ከኤርትራ ጋር የተነሣው ጦርነት ወደቡንም ዘጋው። እስከዚያ ድረስ ከአሰብ ወደ ወሎና ወደ ሰሜን የሚሄደው ቦቴ በሚሌ አድርጎ ባቲን አቋርጦ ኮምቦልቻ ይወጣ ነበር። የባቲና የኮምቦልቻ ጎማ ጠጋኝ፣ ሻይ ቤት፣ አልቤርጎ ያደገው በዚህ መስመር ነው።

ጅቡቲ አሰብን ስትተካ መንገዱ ከሚሌ በታች አልተለወጠም። ቦቴው በጋላፊ ገብቶ ሚሌ ይደርሳል፤ እዚያ አንዱ ወደ አዋሽና ወደ አዳማ ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ባቲና ኮምቦልቻ ይታጠፋል። ካርታ ላይ ለሚያይ ሰው ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለወደቡ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ትቀርባለች። የየከተማው የማደያ ዋጋ የሚሠራው ደግሞ የማጓጓዣው ወጪ ታስቦ ነው፤ ስለዚህ በዜና የሚነገረው የአዲስ አበባ ዋጋ ለደሴም፣ ለወልድያም፣ ለላሊበላም ልክ አይደለም፤ ጥቂት ብር ወዲያ ወዲህ ይላል።

ታዲያ በካርታ ይህን ያህል የቀረበ አገር ለምን በወረፋ ይኖራል? አንደኛው ምክንያት ማንም የሚያውቀው ነው፤ የመንገድ ጸጥታ። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ወሎ ጦርነት አላጣውም፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ያለው ግጭት ደግሞ መንገዱን አንዴ ይከፍታል፣ አንዴ ይዘጋል። ሾፌሩ ቦቴ ሙሉ ነዳጅ ይዞ በሚፈራው መንገድ መግባት አይፈልግም፤ አይፈረድበትም። ሁለተኛው ኮታው ነው። ለከተማው የተመደበው መጠን የተሠራው ድሮ በነበረው የመኪና ብዛት ቢሆን፣ ወይም ተጭኖ ወጥቶ በመንገድ ላይ ቢጠፋ፣ ማደያው ላይ ያለው ሰው የሚያየው ያው ባዶ ማሽን ነው። ቦቴዎች ላይ ጂፒኤስ ይገጠም የተባለው ለዚሁ ነበር። ሦስተኛው የማደያ ባለቤቶች ሁልጊዜ የሚያነሡት ነው። ለዓመታት ከሊትር የሚያገኙት ትርፍ በሳንቲም የሚቆጠር ነበር። በሳንቲም ትርፍ የሚሠራ ሰው በሌሊት በበርሜል የሚገዛው ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ሁሉም ያደርገዋል ማለቴ አይደለም።

አራተኛው የክፍያው ነገር ነው። ከግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሎችም ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጡ ተደረገ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ማን ምን ያህል ቀዳ የሚለውን ማየት። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ወደ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜም ቆየ። በአጭር ቁጥር ያለ ኢንተርኔት መክፈል ይቻላል፤ ኔትወርክ ካለ። ኔትወርክ የጠፋ ቀን ወረፋው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ማሽኑ ነዳጅ አለው፣ ሰውየው ብር አለው፣ ግብይቱ ግን የለም።

በሃይላንድ የሚሸጠው

የውጭው ገበያ የሚበቅለው እዚህ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ወረፋ ያደረ ባለባጃጅ ሞልቶ ይወጣና ከፊሉን ቤቱ ሄዶ በቱቦ ስቦ ያወርዳል፤ ተሳፋሪ ሲያመላልስ ከሚውል እሱን ቢሸጥ ይሻለዋል። ከእሱ የገዛው በሃይላንድ ከፋፍሎ መንገድ ዳር ያቆማል። ወደ ኩታበር፣ ወደ ወረኢሉ፣ ወደ መቅደላ፣ ማደያ ወደማይበዛበት ደጋ ሲሄድ ደግሞ በጀሪካን ሆኖ በሕዝብ መኪና ላይ ይጫናል፤ በየእጁ ጥቂት ብር ይጨመርበታል። መጨረሻ ላይ የማደያውን እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ከላምባ ጋር የተቀላቀለ የሚሸጥም አለ፤ ሞተሩ ሲያስነጥስ ነው የሚታወቀው። ቤት ውስጥ ከእሳት ጋር የሚያድረው ቤንዚን ደግሞ የስንቱን ቤት እንዳቃጠለ የሰፈር ሰው ያውቃል።

በ2017 የወጣው የነዳጅ ውጤቶች አዋጅ በዚህ ንግድ ላይ ጠንካራ ቅጣት አስቀምጧል። ነዳጁ ይወረሳል፣ ገንዘብ ይቀጣል፣ እስራትም አለ። እኔ ግን ጠርሙስ ይዞ የቆመውን ልጅ በማሳደድ ችግሩ ይቀንሳል ብዬ አላምንም፤ ምክንያቴም ይኸው ነው።

መንግሥት ዋጋ ለመጨመር ከሚሰጣቸው ምክንያቶች ዋናው፣ ነዳጃችን ከጎረቤት አገሮች ይልቅ ርካሽ ስለሆነ በድንበር ይወጣል የሚል ነው። በምሥራቁ ድንበር ይህ እውነት ነው። እዚያ ኮንትሮባንዱን የፈጠረው የዋጋ ልዩነት ነው፤ የማደያው ዋጋ ከፍ ሲል ትርፉ ይቀንሳል፣ ኮንትሮባንዱም ይዳከማል። የወሎው የውጭ ገበያ ግን ሌላ ነው። ከደሴ መንገድ ዳር የሚሸጠው ቤንዚን ወደ ሶማሊያ አይሄድም፤ የሚገዛው ከሐይቅ የመጣ ባለሞተር፣ ከቆቦ የመጣ ሽንኩርት አምራች ነው። ይህን ገበያ የፈጠረው እጥረት ነው። ለዚህ ነው ማደያው ሦስት እጥፍ ሲጨምር ጠርሙሱ ያልጠፋው። ማደያው ሰላሳ ብር እያለም ነበረ፤ መቶ ሲገባም አለ። ለድንበር የታዘዘ መድኃኒት ደሴን አልፈወሳትም።

በድጎማው ዘመንም ቢሆን ነገሩ የሚመስለው ይህንኑ ነው። መንግሥት ሊትሩን ከዓለም ዋጋ በታች አድርጎ ሲሸጥ፣ ልዩነቱን ያገኘው ሌሊት ተሰልፎ መሙላት የቻለ፣ ወይም ማደያው ጋ ዘመድ ያለው ሰው ነው። ከጠርሙስ የሚገዛው ገበሬ ድጎማውን አላየውም፤ ከፍሎለታል እንጂ። ስለዚህ ድጎማው ይነሣ መባሉን በጅምላ ከሚያወግዙት ወገን አይደለሁም። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ዋጋው ወደ ዓለም ዋጋ ሲጠጋ መጠኑም ወደ ፍላጎቱ ይጠጋል ተብሎ የተጠበቀው ወሎ ላይ አልሆነም።

ታሪፍና ወረፋ

«ኧረ ልጄ፣ ትናንት በዚህ ነበር እንዴ የሄድኩት?»
«እማማ፣ ወላሂ ቤንዚኑን ከውጭ ነው የገዛነው።»

ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ይህን ንግግር ያልሰማ የለም። ረዳቱ እውነቱን ነው ወይስ አጋጣሚውን እየተጠቀመ ነው? እናስላ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር አሥር ሊትር የሚበላ ሚኒባስ ደርሶ ለመመለስ አምስት ሊትር ይፈልጋል እንበል። ሲወርድ ይቆጥባል፣ ዳገቱን ሲወጣ ያንኑ ይከፍላል። መንግሥት በሊትር አሥር ብር ቢጨምር በደርሶ መልስ ሃምሳ ብር ነው። በእያንዳንዱ ጉዞ አሥራ ሁለት ሰው ቢጭን ለአንድ ሰው ሁለት ብር ገደማ ይደርሳል። ከሁለት ብር በላይ ከጨመረ ምክንያቱ የማደያው ጭማሪ አይደለም።

ሚኒባሱ ከውጭ ሲገዛ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ማደያው መቶ ብር ሲሆን የውጭው ሁለት መቶ ከሆነ፣ በአምስት ሊትር ላይ አምስት መቶ ብር ይጨመራል፤ ለአንድ ሰው ሃያ ብር አለፈ ማለት ነው። ከውጭ አልገዛም ብሎ ቢሰለፍስ? በሦስት ቀን አንዱን ወረፋ ላይ ካሳለፈ ከገቢው ሲሶው ሄደ። የመኪናው ባለቤት ደግሞ የቀን ገቢውን አይምርም፤ ሾፌሩ በቀሩት ሁለት ቀናት የሦስቱን ማስገባት አለበት። ለወሎ ተሳፋሪ ታሪፍን የሚያስወድደው በሦስት ወር አንዴ የሚመጣው የመንግሥት ማስታወቂያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቻል ነበር። የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ የሚያወጣው ታሪፍ ግን የሚሰላው ሁሉም ከማደያ በሰዓቱ እንደሚቀዳ ተደርጎ ነው፤ እንዲህ ያለ ታሪፍ እንደማይከበር ደግሞ አውጪውም ያውቃል።

ባጃጅ ላይ ነገሩ ይብሳል። ባጃጅ ብዙ ቤንዚን አይበላም፤ በአንድ ሊትር ከሃያ እስከ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ለመሄድ የሚበቃው የሊትር ጥቂት እጅ ነው። በሊትር አሥር ብር ቢጨመርበት ለአንድ ጉዞ ከአንድ ብር አይበልጥም። ነገር ግን የባጃጁ ሾፌር የሚከፍለው ሌሊቱን ነው፤ እሱም በታሪፉ ውስጥ ይገባል።

ስለ ናፍጣ

እስካሁን ቤንዚን ቤንዚን አልኩ፤ ከተሜው የሚያወራው እሱን ስለሆነ ነው። የገጠሩን ኑሮ የሚይዘው ግን ናፍጣ ነው። መብራት ያልደረሰው ወፍጮ ቤት፣ የቆቦና የቃሉ የውኃ ፓምፕ፣ ጤፍና ማሽላ የሚጭነው አይሱዙ፣ ማዳበሪያ ከጅቡቲ የሚያመጣው ከባድ መኪና ሁሉም በናፍጣ ነው። በታኅሣሥ 2014 ናፍጣ 28 ብር ከ94 ሳንቲም ነበር፤ ከቤንዚን ይረክስ ነበር፤ ድሮም ልማዱ ነው። በሰኔ መጨረሻ ግን 49 ብር ከ2 ሳንቲም ሆኖ ቤንዚንን በለጠው። ዩክሬን ላይ ጦርነት ሲነሣ በዓለም ከሁሉ ይበልጥ የተሻሙት ናፍጣን ነበርና። ከሁለት ዓመት በላይ እንደበለጠው ከርሞ በ2017 መግቢያ ነው መልሶ ከቤንዚን በታች የወረደው። በታኅሣሥ መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከቤንዚን ይልቅ በበለጠ እጥፍ የጨመረው እንግዲህ እሱ ነው።

ገበሬው ናፍጣ በጀሪካን ለመቅዳት ከንግድ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ማጻፍ አለበት። ደብዳቤው ጥቁር ገበያን ለመከላከል ነው። ፓምፑ የሚጠጣው ግን በየቀኑ ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ ደብዳቤ እስኪፈረም አይጠብቅም። ስለዚህ የተቸገረው ከውጭ ይገዛና ዋጋውን ሽንኩርቱ ላይ ይጭናል። ደሴ ገበያ ላይ «ሽንኩርት ምን ነካው?» የምትለው እናት የምትከፍለው ከማደያ ያልተቀዳ ናፍጣ ነው።

ከጥር 2016 ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሎ ወደ ኤሌክትሪክ እንድንዞር ወስኗል። ለአዲስ አበባ ትርጉም ይሰጣል፤ ወሎ ላይም ባጃጁ በኤሌክትሪክ ቢተካ የጠርሙሱ ገበያ ከባድ ምት ይደርስበታል፤ መብራቱ የማይጠፋ ከሆነ። ከአዋሽ ኮምቦልቻ የተዘረጋው የባቡር መስመር በኤሌክትሪክ ተሠርቶ፣ በጦርነቱም ተጎድቶ፣ ጭነት ሳያመላልስ ዓመታት አልፈውታል። እሱ ቢሠራ ማዳበሪያውና ሲሚንቶው ከአይሱዙ ላይ ይወርድ ነበር። እስከዚያ ድረስ የወሎ እህል በናፍጣ ይሄዳል፤ ዋጋውም በሦስት ወር ማስታወቂያ ሳይሆን በሚሌ መንገድ ላይ ስንት ቦቴ እንደታጠፈ ይወሰናል። ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የሊትሩን ዋጋ ባስታወቀ ቁጥር በዚያው ወረቀት ላይ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻ፣ ለወልድያና ለቆቦ የተጫነውንና የደረሰውን የሊትር መጠን ቢያያይዝ መልካም ነው፤ ከየማደያው ማሽንና ከቦቴው ጂፒኤስ ቁጥሩን ማውጣት አያቅተውም።